እያስተማራችሁ ተጫወቱ

የቫዮሊን ጀማሪን ጩኸት ለዓመታት የቻሉ ጎረቤቶች እዚህ ካሉ ምስጋና ይድረሳቸው።

የዛሬ ተመራቂዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ «ሥራስ?» የሚል ነው። ከእናንተ ኦርኬስትራ የሚገባ ይኖራል፤ በሠርግና በሆቴል የሚጫወትም ይኖራል። አብዛኞቻችሁ ግን ይዋል ይደር እንጂ ማስተማራችሁ አይቀርም። መድረክ ያልቀናው ያስተምራል ሲባል እሰማለሁ፤ ይህን አልቀበልም። ቫዮሊኒስቱን ሊዮፖልድ አወርን እዩ።

አወር እ.ኤ.አ. በ1845 ሀንጋሪ ውስጥ ተወለደ፤ ሀኖቨር ከተማ ከታላቁ ቫዮሊኒስት ዮሴፍ ዮአኪም ዘንድ ተማረ። ዮአኪም ስለ ቴክኒክ ብዙ አያብራራም ነበር፤ ቫዮሊኑን አንስቶ ተጫውቶ ያሳያል፣ የገባው ይገባዋል። አወር በ1868 በሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 1917 ዘለቀበት። መድረኩንም አልተወም፤ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የባሌት ትርኢቶች የቫዮሊን ሶሎ ይጫወት ነበር።

የሙዚቃ ደራሲው ቻይኮቭስኪ በ1878 የቫዮሊን ኮንቼርቶ ጽፎ መታሰቢያነቱን ለአወር አደረገ። አወር ግን አንዳንዱ ቦታ ለቫዮሊን አይመችም ብሎ ሳይጫወተው ቀረ። ሥራው በ1881 ቪየና ላይ በቫዮሊኒስቱ አዶልፍ ብሮድስኪ እጅ ለሕዝብ ቀረበ። አወር ኋላ ሐሳቡን ለወጠ፤ እያስተካከለም ቢሆን ተጫወተው፣ አስተማረውም። ሚሻ ኤልማን፣ ያሻ ሃይፌትዝና ናታን ሚልስቴይን ከእሱ ክፍል ወጥተው ይህንኑ ኮንቼርቶ በዓለም መድረኮች ተጫወቱት። ተማሪ ፊት የሚቆም ሰው በቀድሞ ፍርዱ ላይ ድርቅ ብሎ መቅረት የሚከብደው ይመስለኛል።

ጀማሪ ተማሪ ደጋኑን ወደ ጣት ማሳረፊያው ሲያሸሸው ድምፁ ይሳሳል፤ ክሮቹን ወደ ተሸከመችው እንጨት ሲያስጠጋው ይሻክራል። «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ክንዳችሁ ለዓመታት በልማድ የሠራውን በቃል ማስረዳት ግድ ይላችኋል። ያን ቀን ማታ የራሳችሁን ደጋን ሳትጠራጠሩት አትቀሩም። ይህን ትምህርት ከየትኛውም ታላቅ መምህር አታገኙትም።

እያስተማርን ለመለማመድ ጊዜ የለም እንዳትሉ፤ አወር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ተለማምዶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማረፍን ይመክር ነበር። ይህ በሁለት ተማሪዎች መሀል ለሚሠራ መምህር የተሰፋ ምክር ነው። እሱ ራሱ በ1918 ኒውዮርክ ገብቶ ካርኔጊ አዳራሽ ሲጫወት የ72 ዓመት ሰው ነበር።

ነገ እነዚህን ልጆች የምትቀጥሩ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ አደራ፤ ሳምንቱን በክፍለ ጊዜ ሞልታችሁ የልምምድ ሰዓት አትንፈጓቸው። እናንተም ተመራቂዎች፣ መድረክ ስታገኙ የመጀመሪያውን ረድፍ ለተማሪዎቻችሁ አስይዙ።