የመጀመሪያውን ባለ መዘውር ደጋን ስለ መምረጥ



ቀስት የሚለው ቃል በልማድ ለወርዋሪውም ለተወርዋሪውም ሲነገር ይሰማል። መምታታት እንዳይፈጠር በዚህ ንግግር ወርዋሪው ደጋን፣ ተወርዋሪው ፍላጻ ይባላል።

ባለ መዘውር ደጋንን የፈለሰፈው የአሜሪካው የሚዙሪ ግዛት ነዋሪ ሆለስ ዊልበር አለን ሲሆን፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በጥንታዊው ደጋን አውታሩ በተሳበ ቁጥር ክብደቱ እየጨመረ ይሄዳል። በዚህኛው ግን በክንፎቹ ጫፍ ያሉት፣ ዘንጋቸው ከመሐል ፈንጠር ያለው መዘውሮች ነገሩን ይለውጡታል፤ ክብደቱ ገና ከጅምሩ ጣሪያው ላይ ይደርስና ስበቱ ሊያበቃ ሲል ይረግባል። 80 በመቶ የሚረግብ ባለ 50 ፓውንድ ደጋን ዒላማ በሚታይበት ጊዜ ቀስተኛውን የሚያሸክመው 10 ፓውንድ ብቻ ነው።

ጀማሪውን የሚያታልለውም ይኸው ቅለት ነው። የመጨረሻውን 10 ፓውንድ አይቶ የመጀመሪያውን 50 ይንቃል፤ በተለይም ጓደኞቹ እያዩት ከሆነ ከአቅሙ በላይ የሆነውን መርጦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ደጋኑን ወደ ሰማይ ሳያነሣ መሳብ አይችልም፤ ትከሻው ይጎዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሙያውን ይተወዋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፍላጻ ደግኖ፣ ክንዱን ወደ ዒላማው እንደ ዘረጋ በዝግታ መሳብ ካልቻለ ክብደቱ ይቀነስለት። በዓለም አቀፍ ውድድር እንኳ የተፈቀደው ጣሪያ 60 ፓውንድ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከክብደቱ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእርሱ በፊት፣ የስበቱ ርዝመት አለ። መዘውሩ በተወሰነለት ቦታ ስለሚቆም ይህ ደጋን እንደ ጥንታዊው ለማንም ክንድ አይስማማም። የሁለቱ እጆች ዝርጋታ ለ2.5 ሲካፈል ግምቱን ይሰጣል፤ ዝርጋታው 175 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወደ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 27 ኢንች ተኩል ያህል ያስፈልገዋል። ገና በማደግ ላይ ላለ ወጣት ርዝመቱ የሚስተካከል ደጋን ይመረጣል። ቀኝ ወይስ ግራ የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው የሚያይለው ዓይን ነው፤ እጅ ብቻ አይደለም።

ፍላጻ ሳይደገን አውታሩን መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ፍላጻው ሊወስደው የሚገባው ኃይል ወደ ክንፎቹ ተመልሶ ይሰነጥቃቸዋል፤ አጠገብ የቆመውንም ሊያቆስል ይችላል። እጅግ የቀለለ ፍላጻም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ለእያንዳንዱ ፓውንድ ቢያንስ 5 ግሬን፣ ማለትም ለ50 ፓውንድ ደጋን ከ16 ግራም በላይ እንዲመዝን ያስፈልጋል።

ያገለገለ ደጋን የሚገዛ ሰው ጥጥ ይዞ ይሂድ። በክንፎቹ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያንሸራትተው ጥጡ ከተያዘ ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለና፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዛው።