የቮልስዋገንን ሞተር በውሃ ወደሚቀዘቅዝ ሞተር ስለ መለወጥ
(በሬድዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሕዝባችን «ቮልስ» እያለ በፍቅር የሚጠራውን ትንሽ ኦቶሞቢል የሚመለከት ነው። ይህ ኦቶሞቢል በአዲስ አበባ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረና ዛሬም በየሰፈሩ የሚታይ መሆኑን ታውቃላችሁ። የባለቤቶቹም አሳብ በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን እንደ ተሠራ ይኑር ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መልኩ እንደ ነበረ ሆኖ፥ ጉልበተኛና በውሃ የሚቀዘቅዝ ሌላ ሞተር ይግባለት ይላል። ይህ ሁለተኛው አሳብ በአሜሪካ፥ በእንግሊዝና በአውስትራልያ በብዙ ባለ ሙያዎች እጅ ተፈትኖ የተሠራበት ነው። ስለዚህ ሥራው ምን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚጠይቅና ለማን እንደሚገባ በአጭሩ አስረዳለሁ። ተለይቶ ካልተነገረ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞውን ሞተር ሳናውቅ ብንነቅፈው ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይህ ኦቶሞቢል በ1930ዎቹ ዓመታት በፌርዲናንድ ፖርሸ መሪነት ሲታሰብ፥ ዋናው ዓላማ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ሊገዛውና ሊጠብቀው እንዲችል ነበር። የጀርመን አገር ብርድ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ጋራዥ የሌለው ሰው ኦቶሞቢሉን በደጅ ሲያሳድር ውሃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን ሊሰነጥቅበት ይችል ነበር። ውሃ ከሌለ ግን በረዶ የሚሆን ነገር የለም፤ የሚያፈስ ቱቦም የሚበሳ ራዲያቶርም የለም። ኢንጂነር ፍራንዝ ክሳቨር ራይምሽፒስ የነደፈው ሞተር አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙበት፥ በቺንጋ የሚዞር ቬንቶላ አየር የሚነፋበት ቀላል መሣሪያ ነው። በሐምሌ ወር 2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ የመጨረሻው እስኪወጣ ድረስ 21,529,464 ኦቶሞቢሎች ተሠርተዋል። ስለ አሳቡ ደግነት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ይሁን እንጂ ለሁሉ ነገር ወሰን አለው። በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ቤንዚን ጉልበት ሲሶው ያኽል ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄድ ሙቀት ነው። ጉልበት በጨመረ ቁጥር ይህም ሙቀት ይጨምራል። አንድ ሊትር ውሃ ከአንድ ሊትር አየር ከ3,000 ጊዜ የሚበልጥ ሙቀት ሊሸከም ይችላል። አየር ደግሞ ከፍ ባለ አገር ይሳሳል፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያኽል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያኽል ያነሰ ነው። ከዚህም በቀር በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ የተተከለው በቬንቶላው የአየር መንገድ ላይ ስለ ሆነ፥ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚያገኘው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነበር። ፋብሪካው ይህን ያረመው በ1971 ሞዴል ነው።

ወደ ውሃ መለወጥን የመረጡት የግል ጋራዦች ብቻ አይደሉም። ራሱ የቮልስዋገን ኩባንያ በ1982 መጨረሻ በሦስተኛው ትውልድ አነስተኛ አውቶቡሱ ላይ፥ የተጋደመውን ባለ ቤንዚን ሞተር ቅርጹን ሳይለቅ በውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርጎታል። በብራዚል አገርም የአሮጌው ቅርጽ አውቶቡስ በ2005 መጨረሻ 1.4 ሊትር የሆነ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከኋላ፥ ራዲያቶር ከፊት ተተክሎለት እስከ 2013 ተሠርቷል። የፖርሸ ኩባንያም በ1997 በታወቀው 911 ኦቶሞቢሉ ላይ አየርን ትቶ ውሃን መርጧል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለዚህ ለውጥ ብዙዎች የሚመርጡት የጃፓኑን የሱባሩ ኩባንያ ሞተር፥ በተለይም በ1989 የወጣውንና 2.2 ሊትር የሆነውን ነው። ምክንያቱም ይህ ሞተር እንደ ቮልስ ሞተር አራት ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ፥ አጭርና ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ነው። የሚዞርበትም አቅጣጫ ከቮልስ ሞተር ጋራ አንድ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ኦቶሞቢሉ አራት የኋሊት ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖረው ነበር። ጉልበቱም 130 ፈረስ ያኽላል፤ የ1960ው ባለ 1,200 ቮልስ ግን 34 ፈረስ ብቻ ነበረው።

ሁለቱ ዕቃዎች ግን አንዱ ለሌላው የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ወፍራም የአሉሚኒየም ማጋጠሚያ ይገባል፤ ቮላኖውም ለቮልስ ፍሪሲዮን እንዲስማማ ሆኖ ይሠራል። ይህ በቶርኖ ቤት በጥንቃቄ ተለክቶ የሚሠራ እንጂ በዓይን ግምት የሚቀዳ አይደለም። የሞተሩ መካከልና የካምቢዮው ዘንግ በቀጥታ ካልገጠሙ፥ ኩሺኔታውና ፍሪሲዮኑ በጥቂት ጊዜ ያልቃሉ። የሱባሩ የዘይት ገንዳም ጥልቅ ስለ ሆነ ከመሬት ጋራ እንዳይጋጭ ይታጠራል፤ ዘይት የሚመጥጠውም ቱቦ አብሮ ይታጠራል። ገንዳውን አሳጥሮ ቱቦውን የረሳ ሰው ሞተሩን ያለ ዘይት ያቃጥላል።

ከዚህ ቀጥሎ ዋናው ነገር የውሃው መንገድ ነው። ራዲያቶሩ ነፋስ በሚያገኝበት በፊት በኩል ቢተከል ይመረጣል። ከኦቶሞቢሉ ሆድ ሥር ቢተከል ግን ድንጋይና ጭቃ ያገኙታል። ከኋላ ወደ ፊት የሚሄዱትና የሚመለሱት ረጃጅም ቱቦዎች ዝገት የማይበላቸው፥ በማኒኮቶ በሚገባ የታሰሩ መሆን አለባቸው። አየር ከውሃ ስለሚቀል ወደ ከፍተኛው ስፍራ ይሸሻል፤ በዚያም ተቋጥሮ የውሃውን ዙረት ያቆማል። ስለዚህ የውሃው መሙያ ዕቃ ከሁሉ ከፍ ብሎ ይተከል፤ በራዲያቶሩም ራስ ላይ አየር የሚወጣበት ብሎን ይኑር።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም አንድ ነገር አለ። በሱባሩ ሞተር ተርሞስታቱ የተተከለው ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ፖምፓው በሚገባበት በር ላይ ነው። የሞተሩን ሙቀት የሚያውቀውም የተሳፋሪውን ክፍል በሚያሞቀው ቱቦ ዞሮ ከሚመለሰው ሙቅ ውሃ ነው። አገራችን የኤውሮፓ ብርድ የለባትም፥ ማሞቂያ አያስፈልገኝም ብሎ እነዚህን ሁለት ቱቦዎች የደፈናቸው እንደ ሆነ፥ ተርሞስታቱ ወሬ እንደማይደርሰው ዘበኛ ይሆናል፤ ሞተሩ እየጋለ በሩን አይከፍትም። ማሞቂያው ባይፈለግ እንኳ ቱቦዎቹ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ውሃው ይዙር።

የራዲያቶር ክዳንም በደጋ አገር ልዩ ዋጋ አለው። በአዲስ አበባ ውሃ ክፍት ሆኖ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ለሞተሩ የሥራ ሙቀት እጅግ የቀረበ ነው። አንድ አትሞስፌር የሚይዝ ደኅና ክዳን ግን የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ላስቲኩ ያረጀ ርካሽ ክዳን ሙሉ ሞተር ያስከፍላል። ሞተሩ ትኩስ ሳለም ክዳኑን ማንም እንዳይነካው አደራ እላለሁ፤ ሲከፈት ድንገት የሚገነፍለው ውሃ ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል።

በነዳጅ በኩልም ጥንቃቄ ያሻል። የቮልስ ካርቡራቶር ቤንዚን የሚቀበለው በትንሽ ግፊት ነው። አዲሱ ሞተር ግን በሁለትና በሦስት አትሞስፌር መካከል የሆነ ግፊት፥ ወደ ታንኩም የሚመለስ ሌላ ቱቦ ይፈልጋል። የቀድሞውን ጎማ ቱቦ እንዳለ የተወ ሰው እሳትን ከጀርባው አስቀምጦ የሚሄድ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደረስን። ሞተር ሲጨመር የሚያስደስተው መሄዱ ነው፤ ነፍስ የሚያድነው ግን መቆሙ ነው። ለ34 ፈረስ የተሠራ ፍሬን ለ130 ፈረስ አይበቃም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡ። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ መውረጃ ፍሬኑ ይፈተናል፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ በቆላው ሙቀት፥ በዝቅተኛ ማርሽ፥ ነፋስ በሌለበት ራዲያቶሩ ይፈተናል። በከተማ ውስጥ በሰላም የሚሄድ ኦቶሞቢል ሁሉ ይህን ፈተና አያልፍም። ስለዚህ ወጣቱ መካኒክ ባለ መኪናውን «ጋሼ፥ ሞተሩ ይቆይ፤ አስቀድመን ፍሬኑን፥ መሪውንና የወለሉን ብረት እንይ» ቢለው፥ ባለ መኪናው ሥራ ለማብዛት ነው ብሎ እንዳይጠረጥረው። እንዲህ ያለው መካኒክ ወዳጅ ነው። የፊት እግሮች ባለ ዲስክ ፍሬን ሳይደረግላቸው፥ የዛገው ወለልም ሳይታደስ፥ አዲሱ ሞተር ሊነሣ አይገባም።

እንደ ተሠራ ይኑር የሚሉትም ወገኖች ከንቱ አይናገሩም። በ2016 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ስለዚህ ዛሬ የሚቆረጥ አንድ ቮልስ ነገ በሌላ አይተካም። የፊቱን ቆርቆሮ ለራዲያቶር ሲሉ መቅደድ ቀላል ነው፤ መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ሊመለስ የማይችል ሥራ አለመሥራት ነው። ማጋጠሚያው በብሎን የሚታሰር እንጂ የሚበየድ አይሁን። የወጣው ሞተር ዘይት ተቀብቶ፥ አፉ ተደፍኖ፥ ከነቬንቶላው ይቀመጥ። የቮልሱ ሞተር ደኅና ከሆነ፥ ባለቤቱም ከቤት ወደ ሥራ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ግን፥ ቫልቮላውን ማስተካከል፥ ቺንጋውን መለወጥና ዘይቱን በጊዜው መቀየር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ቢመኝ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። ሞተሩ ጨርሶ የሞተበት፥ ሩቅ አገር የሚሄድ፥ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም ያዘጋጀ ሰው ግን ሥራውን በሙሉ ልብ ይጀምር።

አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ። ቮልስን እስካሁን ያኖረው የጌቶቹ አያያዝ ነው፤ በአየርም ሆነ በውሃ ቢቀዘቅዝ ወደ ፊትም የሚያኖረው ይኸው ነው። አዲስ ሞተር ለማስገባት የቆረጣችሁ ሁሉ፥ ሥራው ሲፈጸም ሩቅ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ባለ አቀበት ላይ ደጋግማችሁ ፈትኑት፤ የሙቀቱን መለኪያ ተመልከቱ፤ የታሰረውን ማኒኮቶ ሁሉ እንደ ገና አጥብቁ። ቤተ ሰባችሁን የምታሳፍሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።