ከዘይት ስለሚሠራ ፕላስቲክ
በዲክሲስ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ጀሪካን ወደ ቤታችን ከገባ ወዲህ የእንስራው ሸክም ቀሏል፤ ፌስታልም ለገበያተኛ ተመችቷል። ነገር ግን የተጣለው ፌስታል ሳይበሰብስ በእርሻ መካከል ይቀራል፤ ከብትም ከሣር ጋራ ሲውጠው ሆዱ እየተዘጋ ይሞታል። ስለዚህ ፕላስቲክ ከምን እንደሚሠራ ማወቅ የባላገርም ጉዳይ ነው።

አብዛኛው ፕላስቲክ የሚሠራው ከምድር ውስጥ ከሚወጣ ድፍድፍ ዘይትና ጋዝ ነው። ይህ ሀብት አንድ ጊዜ ካለቀ አይተካም፤ ከሚበቅል ነገር የሚጨመቅ ዘይት ግን በየጊዜው ይተካል። ሊቃውንት ይህነን አስበው በኩሬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውን ዋቅላሚ መረመሩ፤ ዋቅላሚ የእህል መሬት ሳይሻማ በውሃና በፀሐይ ይራባልና። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከዋቅላሚ ዘይት ለነጠላ ጫማ የሚሆን ለስላሳ ፕላስቲክ ሠሩ፤ በአፈር ቢቀብሩትም በ16 ሳምንት ውስጥ ሲበሰብስ አዩ። ሆኖም ከሕያው ነገር የተገኘው ገሚሱ ያህል ብቻ ነበር።

በቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ የሚያቀልመው ስፒሩሊና ከዋቅላሚ ጋራ ይቆጠራል፤ ነገር ግን በፕሮቲን እንጂ በዘይት የበለጸገ አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የአገራችን ዘይት የተገኘው በየብስ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ሮበርት ፐርዱ የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ሊቅ በሐረር አካባቢ የግራዋ ዘመድ የሆነ የዱር ተክል ዘር ለቀመ፤ ስሙም ቬርኖኒያ ነው። ከዘሩ ክብደት ከ100 እጅ 40 ያህሉ ዘይት ነው፤ ዘይቱም ለቀለምና ፕላስቲክን ለማለስለስ ይሆናል። ማንም ያልዘራው ተክል የፋብሪካ ሀብት ሊሆን መቻሉን እዩ!

ነገር ግን አንድ ስሕተት እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። ከተክል የተሠራ ፕላስቲክ ሁሉ ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራው ፌስታል ከድፍድፍ ዘይት ከሚሠራው ጋራ ባሕርዩ አንድ ነው፤ እርሱም በሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ከምን ተሠራ? ከተጣለስ በኋላ ምን ይሆናል?

መምህራን ይህነን ለልጆች በዓይን ልታሳዩ ትችላላችሁ። በአርሲ ደጋ ተልባ ይዘራል። የተልባ ዘይት የተገኘ እንደ ሆነ በእንጨት ላይ በስሱ ቀብታችሁ አየር በሚያገኝበት ስፍራ አኑሩት። ቀን በቀን እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ቆዳ ይደርቃል፤ ከአየሩ ጋራ ተዋሕዶ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋልና። የፕላስቲክም ምሥጢር ይኸው መያያዝ ነው። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትተዉ፤ በገዛ ራሱ ሙቀት ሊቃጠል ይችላልና ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሽማግሌዎችም እስከዚያው የተጣለውን ፌስታል ከግጦሹ የማስለቀምን ሥርዓት በየመንደሩ አቁሙ። አዲሱ ጥበብ እስኪደርስልን ከብቶቻችን አይጠብቁንምና።