የቮልሷ ክላክስ ለምን ዝም አለ?



«መኪና የሌለን ሰዎች ስለ ክላክስ ምን አገባን?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባናል እንጂ። ባለፈው ቅዳሜ ያቺ አሮጌ ቮልስ ቁልቁለቱን ስትወርድ ክላክሷ እምቢ ብሎ፣ ጥጃ የሚነዳው ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከሰዓት በኋላ እኔና ሾፌሩ ፈተሽነው። ያየነውን ልንገራችሁ።

ክላክስ ማለት ውስጡ ስስ ብረት ያለበት፣ ጣሳ መሳይ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማግኔቱ ብረቷን ይስባል፣ ወዲያው ይለቃታል፤ በአንድ ሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ። የከበሮ ቆዳ ሲመታ እንደሚርገበገበው ማለት ነው፤ ጩኸቱ ከዚያ ይመጣል። በቮልስ ላይ የሚገኘው ከፊት በግራ በኩል፣ ከፓራፋንጎው ሥር ነው። ጭቃ የሚረጭበት ቦታ!

መጀመሪያ ፊውዙን አየን፤ ደህና ነው። ወደ ክላክሱ ሁለት ሽቦ ይሄዳል። አንዱ ከባትሪ ኃይል ያመጣል። ሁለተኛው ወደ መሪው ይወጣል፤ ሾፌሩ ሲጫን ከመኪናው ብረት ጋር ይገናኝና ኤሌክትሪኩ ዞሮ ወደ ባትሪ ይመለሳል። መካኒኮች ይህን ብረት «ማሳ» ይሉታል። እናንተ የምታርሱት ማሳ አይደለም እንግዲህ!

ሾፌሩ «ክላክሱ ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ» ብሎ ነበር። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን መሞከር ይሻላል። የሞተሩን ቁልፍ ከፍተን፣ ወደ መሪው የሚሄደውን ሽቦ ከክላክሱ ነቀልን። በቦታው ሌላ አጭር ሽቦ አስገብተን ጫፉን ዝገት ከሌለው ብረት ጋር አነካካነው። ጮኸ! ክላክሱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በመሪው በኩል ነው ማለት ነው። ባይጮህ ኖሮ ኃይል መድረሱን በትንሽ አምፑል እናይ ነበር። ኃይል እየደረሰው ዝም ካለ የታመመው ራሱ ክላክሱ ነው፤ ያን ጊዜም ከጀርባው ያለችውን ብሎን በጥቂቱ ማዞር አንዳንዴ ያድነዋል። መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ የጥንቶቹ ቮልሶች 6 ቮልት፣ የኋለኞቹ 12 ቮልት መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

ቁልፉን ዘግተን ወደ መሪው ዘንግ ግርጌ ወረድን። እዚያ ዘንጉን የሚያያይዝ ክብ ጎማ አለ። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን የምታሻግር አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ እሷ ዝጋ ተበጥሳለች። ይኸው ነው በሽታው! ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ አዲስ ሽቦ አስረን ብሎኑን አጠበቅን።

ሾፌሩ ገብቶ ቢጫነው፣ አጥር ጥግ የታሰሩት በቅሎዎች ሁሉ ደነበሩ። ባለቤቶቹ የሰደቡን ስድብ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።