መኪናችን ዳገት ላይ ለምን ደከመች?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ስለ መኪናችን ነው። ብዙዎቻችሁ እንደሰማችሁት፣ በርበሬና ሽሮ ለደንበኞቻችን የምታደርሰው ዲኤክሳችን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት መውጣት አቅቷት ነበር። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስንሰጣት ግን ትንሽ ሄዳ ትንቀጠቀጥና ጉልበቷ ይከዳታል። ጋራዥ ስንወስዳት “ሞተሩ አርጅቷል፣ ወርዶ ይታደስ” ተባልን። የተጠየቀው ገንዘብ ለተዘዋዋሪ ብድር ካስቀመጥነው ካልሆነ በቀር ከየትም አይመጣም። እዚያ ላይ ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁ እህቶች አሉ። ስለዚህ የመኪና ኮሚቴው አባላት ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ምክንያቱን እንወቅ ብለን ተነሣን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ እንደኛ ያለ ተርቦ የሌለው ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚኖረው ጉልበት አዲስ አበባ ሲደርስ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ አሮጌ መኪና እንጦጦ ላይ ማዝገሟ ብቻውን በሽታ አይደለም። በሽታው ባለፈው ወር በሦስተኛ ማርሽ የወጣችውን ዳገት ዛሬ በሁለተኛ እምቢ ስትል ነው።

“ጉልበት የላትም” ማለት ለመካኒክ ብዙ አይነግረውም፤ ሐኪም ፊት ቀርቦ “አሞኛል” ብሎ ዝም እንደማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ነዳጅ ሲሰጣት የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል ወይ የሚለው ነው። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው። ይህን ለማወቅ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ አራተኛ ማርሽ አስገብተን ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለን ለቀቅን። ፍሪሲዮኑ ደህና ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል፤ የእኛም ጠፋ። ከመንገድ ስትመለስ ደግሞ እጃችንን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋን። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ቢግል ፍሬኑ አልለቅ ብሏል ማለት ነበር። ሁሉም እኩል ነበሩ።

የአየር ማጣሪያውን አውጥተን ወደ ፀሐይ ያዝነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። አየር የታፈነ ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ይህም አልነበረም። ካንዴላዎቹን አስፈታን። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል። የእኛ አራቱም ነጣ ብለው ተገኙ።

ነገሩን የፈታችው ግን መኪናዋን የምትነዳው እህታችን ናት። “ስትደክም አቁሜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካሳረፍኳት እንደገና እንደ አዲስ ትነሣለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትደክማለች” አለች። ያረጀ ፒስተን በሦስት ደቂቃ ዕረፍት አይታደስም! ካርብራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነዳጅ ይበቃል። ዳገት ላይ ግን ከሚመጣው በላይ ይጠጣና ጎድጓዳዋ ትጎድላለች። ሲቆም ትሞላለች። የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ እንደሆነ ብለን ክዳኑን ላላ አድርገን ሞከርን፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ሞተሩ ከበረደ በኋላ የቤንዚኑ ፊልትሮ ፊታችን ወጥቶ ተቀደደ። ውስጡ ቡናማ ጭቃ ነበር።

መካኒኩን አንወቅስም፤ መኪናዋ በእርግጥ ያረጀች ናት። ሴት ጋራዥ ስትገባ “ባለቤትሽ ይምጣ” ማለት ግን ቢቀር ደስ ይለናል።

ለጥርጣሬ ቦታ እንዳይቀር የአራቱንም ሲሊንደሮች የግፊት ልክ አስለካን። ሞተሩ ቢያልቅ ኖሮ ልኩ ይወርድ ነበር፤ በተለይ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ቢወርድ ያስታውቃል። ሁሉም ተቀራራቢና ደህና ሆኑ። አዲስ ፊልትሮ ገባላት፤ በማግሥቱ ሁለት ኩንታል በርበሬ ጭና እንጦጦ ወጣች።

ጉዳዩ ግን አላለቀም። በቅርቡ ስናየው አዲሱም ፊልትሮ መጥቆር ጀምሯል። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ በጄሪካን ከተገዛው ጋር የገባው ቆሻሻና የታንከሩ ዝገት አሁንም እየመጣ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ታንከሩ ወርዶ ይታጠባል፤ ወጪው ከማድረሻ ገቢያችን ይሸፈናል፣ የብድሩ ገንዘብ አይነካም። ተራ የያዛችሁ እህቶች በቀጠሯችሁ ትወስዳላችሁ።

ከዛሬ ጀምሮ በመኪናዋ ኪስ ውስጥ ደብተር አለ። የነዳችው ሁሉ ምን እንዳየች፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ፣ ሜዳ ይሁን ዳገት፣ የጭሱን ቀለም ጭምር ትጻፍበት። እስክሪብቶው ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ የራሳችሁን ይዛችሁ ግቡ።