የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻና ወጪው

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ልጆቻችን ኮሌጅ እየጨረሱ «ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ» ማለት ጀምረዋል። እሰየው ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለዚህ መንገዱን ከነወጪው ልንገራችሁ።

እዚህ አሜሪካ ሕግ የሚጠናው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው፤ በሙሉ ጊዜ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ዲግሪው በማንኛውም ትምህርት ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ አመልካቾች ኤልሳት የሚባል ፈተና ይወስዳሉ፤ ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ትራንስክሪፕትና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ኤልሳክ ወደሚባል ድርጅት ይላካል፤ እሱ አጠናቅሮ ለየትምህርት ቤቱ ያስተላልፋል። አመልካቿ ስለ ራሷ የምትጽፈው ድርሰትም አለ። ማመልከቻ የሚከፈተው በመስከረም ገደማ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ደረሳቸው ስለሚያዩ ቀድማ የላከች ትጠቀማለች።

ፈተናው ከ200 ዶላር በላይ፣ የኤልሳክ አገልግሎት ሌላ ከ200 በላይ፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚላከው ሪፖርት ከ40 በላይ ነው። አምስት ትምህርት ቤት ላመለከተች ከ600 ዶላር ያልፋል። ገቢዋ አነስተኛ የሆነ ግን ክፍያው እንዲነሳላት ኤልሳክን ትጠይቅ። የምትጠይቀውም ከመክፈሏ በፊት ይሁን፤ የተከፈለ አይመለስም።

ስኮላርሺፕ ሲመጣ እልል ከማለታችን በፊት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው እናንብብ። አንዳንዱ «ውጤትሽ ከዚህ ከወረደ ይቀራል» ይላል። በብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ውጤት የሚሰጠው ተማሪን ከተማሪ በማወዳደር ስለሆነ ሁሉም ከላይ ሊሆን አይችልም። ስንት ተማሪ ስኮላርሺፑ እንደ ተቀነሰበት ወይም እንደ ቀረበት የሚያሳይ «509» የተባለ ሰነድ በየዓመቱ እንዲያወጡ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያስገድዳቸዋል። በየድረ ገጻቸው ይገኛል።

የመጨረሻው ስለ ፊርማ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሕግ ተማሪ ከፌደራል መንግሥት በዓመት የምትበደረው ከ50 ሺህ ዶላር አይበልጥም። የጎደለውን ከግል ባንክ ስትጠይቅ ብዙውን ጊዜ ዋስ አምጪ ትባላለች፤ «እማዬ፣ ፈርሚልኝ» የሚመጣው ያኔ ነው። ዋስ መሆን ምስክር መሆን አይደለም። እሷ ካልከፈለች ሌሊት ሠርታችሁ ካጠራቀማችሁት ላይ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ፈርሙ ወይም አትፈርሙ አልልም፤ ጠቅላላ ዕዳውንና የወር ክፍያውን ሳታውቁ ግን እስክሪብቶ አታንሱ።

ደብዳቤ የደረሳት እናት ልጇንም ደብዳቤውንም ይዛ ወደ ስብሰባችን ትምጣ፤ ካልኩሌተር እኔ አመጣለሁ፣ አብረን እንደምራለን።