ከመዳብ ሽቦ ወደ ፋይበር ስንሸጋገር
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንደምታውቁት ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ የቆየውን የመዳብ የስልክ መስመር በፋይበር እየተካ ነው። እኛም ሃያ ሁለት ውስጥ የቀየርንም፣ ተራ የምንጠብቅም አለን። መቀየሩን እንደግፋለን። ነገር ግን አንድ ሳንመካከርበት ማለፍ የሌለብን ጉዳይ አለ፤ እሱም መብራት ሲጠፋ የስልካችን ነገር ነው።

በቅድሚያ ልዩነቱን እንመልከት። በመዳብ ሽቦ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው። በዚህ የሚመጣው ኢንተርኔት ከቴሌ ጣቢያው በራቅን ቁጥር ይደክማል፤ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ውኃ ሲገባበትም ያስቸግራል፤ ክረምት ላይ ስልክ ሲንጫጫ የሰማን እናውቀዋለን። ፋይበር ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፤ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው። በዚህ መንገድ ሩቅ ቦታ መልእክት መላክ እንደሚቻል ቻርልስ ካኦ የተባሉት ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. አስረዱ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዛሬ ለመኖሪያ ቤት የሚዘረጋው አንዱ ክር እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ሊከፋፈል ይችላል። መዳብ ቆርጦ የሚሸጥ ሌባም ከመስታወት የሚያተርፈው የለም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? የድሮው የመስመር ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያው ነው፤ 48 ቮልት ገደማ በዚያው በሽቦው ይመጣል። ስለዚህ ሰፈሩ ጨለማ ቢሆንም ይደወላል። መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የፋይበሩ ሞደም የሚሠራው በቤታችን መብራት ነው። መብራት ሄደ ማለት ዋይፋዩም የመስመር ስልኩም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ሞባይል አለ አይደል ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። ነገር ግን ከመስመር ስልክ በቀር የማይነኩ እማማና አባባ በየግቢያችን አሉ። ሌሊት ሕመም ቢነሳባቸው በምን ይጣሩ?

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፤

1ኛ/ ባለሙያው ሲመጣ ሞደሙ በስንት ቮልት እንደሚሠራ ይጠየቅ። ብዙዎቹ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለዚሁ የሚሆን አነስተኛ ባትሪ ይገዛ። መግዛት ለማይችሉ አረጋውያን ጎረቤት አዋጥቶ ይግዛ።

2ኛ/ ክሩ አይታጠፍ፤ ሚስማር አይመታበት። ቢበጠስ እንደ ሽቦ ጠምዝዘን የምንቀጥለው አይደለም፤ በልዩ መሣሪያ አቅልጦ የሚያያይዝ ባለሙያ ይፈልጋል።

3ኛ/ በግቢም ሆነ በመንገድ ዳር የሚቆፍር ሰው ዶማ ከማንሳቱ በፊት መስመሩ በየት እንዳለፈ ይጠይቅ። አንድ ክር ሲበጠስ የብዙ ቤት ስልክ ይቋረጣል።

4ኛ/ አዲሱ መስመር እንደገባ ቆጣሪውን አጥፍታችሁ ደውሉና ሞክሩት። ካልሠራ ባትሪውን ዛሬ ነገ አትበሉ።

ፍጥነቱን ሁላችንም እንወደዋለን። ሆኖም በጨለማ የሚደወል አንድ ስልክ በየግቢው መኖሩን ሳናረጋግጥ ሥራው አለቀ አንበል።